የሕልም ሥራ፦ ሰዎች አንድን ሙያ ለምን ይመኛሉ?

«የሕልም ሥራ» የሚለው አገላለጽ አንድ ሰው ፍላጎቱ፣ ችሎታውና ዕድሉ ቢገጣጠሙለት ሕይወቱን ሊመራበት የሚሻውን የሥራ መስክ ያመለክታል። ሕልሙ በልጅነት ይጀምራል፤ ተጽዕኖው ግን ከልጅነት ዕድሜ አልፎ ይሄዳል። ተማሪው የሚመርጠው የትምህርት ክፍል፣ ሥራ ፈላጊው የሚያስገባው የመጀመሪያ ማመልከቻ፣ ቤተሰብ ለልጁ ብሎ የሚያወጣው ጥሪት፣ በአመዛኙ ከዚህ ምኞት ጋር የተያያዙ ናቸው።

በአገራችን ወደ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ደጋግሞ የሚሰማው መልስ «ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር» የሚል ነው። በመካከል «መምህርት» ወይም «ወታደር» የሚል ድምፅ ይሰማ ይሆናል። የመስኖ ባለሙያ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ወይም የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ መሆን የሚፈልግ ልጅ ግን እምብዛም አይገኝም። ልጆቹ እነዚህን ሙያዎች ንቀዋቸው ላይሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ስማቸውን እንኳ ሰምተው አያውቁም።

ምኞት ከየት ይመጣል?

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊንዳ ጎትፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ልጆች የወደፊት ሥራቸውን የሚመርጡት አንዱን በማንሳት ብቻ ሳይሆን ሌሎቹን አንድ በአንድ ከሐሳባቸው እያስወጡ እንደሆነ አስረድተዋል። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን ሥራን የሚረዳው የትልቅ ሰው ነገር አድርጎ ነው። ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ «የወንድ» እና «የሴት» የሚላቸውን ሥራዎች ይለያል፤ ለእርሱ ያልሆኑ የመሰሉትንም ይተዋል። ከ9 እስከ 13 ዓመት ሲደርስ ደግሞ ኅብረተሰቡ ዝቅ አድርጎ የሚያያቸውን ሥራዎች ከዝርዝሩ ያወጣል። የራሱን ዝንባሌና ችሎታ መመርመር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት «ምን ትወዳለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከፊቱ ያለው የምርጫ ዝርዝር እርሱ ሳያውቀው ቀደም ብሎ ጠቦ ይገኛል።

የዝርዝሩ ጥበት የአንድ አገር ችግር አይደለም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ በ41 አገሮች ካሉ የ15 ዓመት ተማሪዎች መካከል 47 ከመቶ የሚሆኑት ወንዶችና 53 ከመቶ የሚሆኑት ሴቶች በ30 ዓመታቸው ይሠሩታል ብለው የሚጠብቁት ሥራ ከ10 የማይበልጡ ታዋቂ ሙያዎች አንዱን እንደነበር አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በ20 አገሮች የሚኖሩ ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆኑ ልጆች የወደፊት ሥራቸውን እንዲሥሉ የተደረገበት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ስለመረጡት ሥራ ያወቁት ባለሙያ ወደ ትምህርት ቤታቸው መጥቶ በሰጣቸው ገለጻ መሆኑን የተናገሩት ልጆች ከ1 ከመቶ በታች እንደነበሩ አሳይቷል። ብዙዎቹ የተመኙት በቤተሰባቸው ውስጥ ያዩትን ወይም በቴሌቪዥንና በፊልም የተመለከቱትን ነበር።

ማየት ምን ያህል እንደሚያስመኝ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአርሲ የምትገኘው በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ካገኘች በኋላ፣ የዚያች ከተማና የአካባቢዋ ልጆች ሩጫን የሩቅ ሰው ጨዋታ አድርገው ማየታቸው ቀረ። ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና እህቶቿ ከዚያው አካባቢ የተነሱ ናቸው። የአካባቢው ከፍታና አየር፣ እንዲሁም በከተማዋ በመምህርነት ሲሠሩ ታዳጊዎችን ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ድርሻቸው የጎላ ነው። ሆኖም በየማለዳው ለልምምድ የሚወጣው ልጅ አንድ ሌላ ነገርም ነበረው፤ በእርሱ መንገድ ሄዳ፣ በእርሱ ቋንቋ ተናግራ፣ ዓለምን ያሸነፈች ሰው ያውቅ ነበር። በዚያው ልክ፣ ከሚሮጡት ውስጥ ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚበቁት ጥቂቶች መሆናቸው አብሮ ሊነገር ይገባል።

በኢትዮጵያ የተመኙት ሥራ እንዴት ተለወጠ?

ዘመናዊ ትምህርት ከመስፋፋቱ በፊት በብዙ አካባቢዎች ለአንድ ብላቴና ከፍ ብለው ከሚታዩት ማዕረጎች አንዱ የሊቅነት ማዕረግ ነበር። የቆሎ ተማሪው ከወላጆቹ ቤት ርቆ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየለመነና በጎጆ እያደረ፣ ዜማውንና ቅኔውን ዓመታት ፈጅቶ የሚማረው በመጨረሻ መምህር ለመባል ነው። ሁለተኛው መንገድ የሹመት መንገድ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ሹመት የተፈለገው በምን ምክንያት እንደነበር ሳይደብቅ ይናገራል፤ ለዛሬው የሕዝብ አገልጋይ መመሪያ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ቢሆንም፣ በሥራውና ሥራው በሚያስገኘው ጥቅም መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት ግን ይጠቅማል።

በዚያው ዘመን አገሪቱን ያለበሳትና ያረሰላት እጅ የሚሰደብ እጅ ነበር። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ በሙያቸው የተነሳ የሚናቁ፣ በአንዳንድ ቦታም በጋብቻ የሚገለሉ ነበሩ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያም ሆኖ ልጃቸው ብየዳ ወይም እንጨት ሥራ ልማር ሲላቸው ቅር የሚላቸው ወላጆች ዛሬም አሉ፤ ሕግ ስድብን ቢከለክልም፣ ክብርን ግን በዐዋጅ መስጠት እንዳልተቻለ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ የተከፈተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት በተለይ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎችን ለመንግሥት ሥራ ለማዘጋጀት የታሰበ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላም አስተዳደሩ እንደገና ሲቋቋም የተማረ ሰው እጅግ ያስፈልግ ስለነበር፣ ትምህርትና የመንግሥት ቢሮ በሰው አእምሮ ውስጥ አንድ ሆነው ተቆራኙ። ፊደል መቁጠር ከእርሻ መውጫ፣ ወንበር ላይ መቀመጫ ሆነ። የመምህርነት ሙያም በእነዚያ ዓመታት ትልቅ ክብር ነበረው፤ መምህሩ በአውራጃው ከሚታወቁት ጥቂት ደመወዝተኞች አንዱ ነበርና።

ሐኪምነት የራሱ ታሪክ አለው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው ያደጉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብለው ይታወቃሉ። በአገር ውስጥ ግን የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የተስፋፋው በ1940ዎቹ በጎንደር የጤና ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት ነው። ሐኪሙ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ በሆነበት አገር «ዶክተር» የሚለው ስም ከሰው ስም በፊት ብቻ ሳይሆን ከቤተሰቡ ሁሉ ስም በፊት የሚገባ እስኪመስል ድረስ ከበረ።

የአብራሪነት ምኞት የመጣው ከአየር መንገዱ ጋር ነው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። የመጀመሪያዋ የአየር መንገዱ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በማዕረጉ የተቀመጡት ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል ከ50 ዓመት በላይ አለ፤ በእነዚያ ዓመታት «ፓይለት እሆናለሁ» ያለች ልጅ በአየር መንገዱ በአራት መስመር ወርቅ ምልክት የምታየው አርአያ አልነበራትም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በሴቶች ብቻ የተመራው የባንኮክ በረራ ሰፊ ሽፋን የተሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

መሐንዲስነት በብዛት የተመኙት ሥራ የሆነው ዘግይቶ ነው። በ1990ዎቹ መንገዱ፣ ግድቡና የጋራ መኖሪያ ቤቱ በየአቅጣጫው ሲሠራ፣ የራስ ቁር አድርጎ ፕላን የዘረጋ ወጣት የዘመኑ ምልክት ሆነ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የከፍተኛ ትምህርት ቅበላ 70 ከመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሆን መወሰኑ ምኞቱን አጠናከረው። የተመራቂው ቁጥር ከግንባታው ፍጥነት ጋር እኩል ባልሄደባቸው ዓመታት ግን፣ ዲግሪውን ይዘው ከሙያቸው ውጪ የተሠማሩ መሐንዲሶች ጥቂት አልነበሩም።

በአንድ የሙያ ስም ውስጥ ያሉ ልዩ ልዩ ፍላጎቶች

አንድ ሰው «ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ» ሲል የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ የሚፈልገው ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። ከበሬታን፣ የማይቋረጥ ገቢን፣ ወላጆችን መጦርን፣ ሰውን ከስቃይ ማዳንን፣ የሰውነትን አሠራር ማወቅን፣ ወይም ወደ ውጭ አገር መሄጃ መንገድን ሊሻ ይችላል። እነዚህ ፍላጎቶች ሁሉ ተገቢ ናቸው። ችግር የሚመጣው ሰውየው ከእነዚህ የትኛው የእርሱ እንደሆነ ሳይለይ ዓመታት ሲያወጣ ነው።

የሕክምና ትምህርት ከስድስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል። ስፔሻሊስት ለመሆን ተጨማሪ ዓመታት ያስፈልጋሉ። የሌሊት ተረኝነት አለ፤ ለቤተሰብ የሞት ዜና መንገር አለ። በቅርብ ዓመታት የጤና ባለሙያዎች የክፍያና የሥራ ሁኔታ ጥያቄዎችን በተደጋጋሚ ማቅረባቸውም ይታወቃል። ከነጩ ጋዋን በስተጀርባ ያለውን ይህን ሁሉ ዐውቆ የሚመርጥ ወጣት ሕልሙን አላጣም፤ ይልቁንም ሥራውን እንደ ሥራነቱ መርጦታል። ዋናው ፍላጎቱ በሽተኛን መርዳት የሆነ ሰው በነርስነት፣ በአዋላጅነት፣ በሰመመን ሰጪነት ወይም በድንገተኛ ሕክምና ሙያ ያንኑ ያገኛል። የሰውነት ምስጢር የሚስበው ወደ ላቦራቶሪ ወይም ወደ ፋርማሲ፣ መሣሪያ መፍታትና መግጠም የሚወድ ደግሞ ወደ ሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ሊያመራ ይችላል።

አብራሪነትም እንዲሁ ነው። አብራሪው የጤና ምርመራውን በየጊዜው ማለፍ አለበት፤ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት 65 ዓመት ሲሞላው ዓለም አቀፍ የመንገደኞች በረራ ማብረር ያቆማል። ልጁን የሳበው ሞተሩ ከሆነ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን፣ ዓለምን መዞር ከሆነ የበረራ አስተናጋጅ፣ የሰማዩ ሥርዓት ከሆነ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ መሆን ይችላል። በእነዚህ ሙያዎች የሚሠራ ሰው ሕልሙን በግማሽ ያገኘ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ለመንግሥት ሥራ የነበረው ጠንካራ ምኞትም ቢተነተን ከሥሩ የሚገኘው በአመዛኙ ዋስትና ነው። ለረጅም ዘመን ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ መለያ ነበር። በግል ድርጅት የሠራ ሰው ሲያረጅ በልጆቹ ወይም ባጠራቀመው ላይ ይወድቅ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 715/2003 ይህን ለወጠው፤ አሁን ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 ከመቶ በመክፈል የግል ድርጅት ሠራተኛውም ለጡረታ መብት ይበቃል። ይሁንና «ጡረታ ያለው የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው የወላጆች ምክር ሕጉ ከተለወጠ በኋላም ብዙ ቤት ውስጥ ይሰማል። ከሁኔታዎች ጋር ያልታደሰ ምክር ወጣቱን ከብዙ በሮች ሊያርቅ ስለሚችል፣ ጉዳዩ በቤተሰብ ደረጃ ሊታረም የሚገባው ነው።

ሥራን ከስሙ ለይቶ ማየት የሚቻል መሆኑን የሚያመለክቱ ጥናቶችም አሉ። ኤሚ ረዝኔስኪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ሥራቸውን በሦስት መንገድ እንደሚያዩት ገልጸዋል፦ አንዳንዱ እንደ እንጀራ ማግኛ፣ ሌላው እንደ ዕድገት መሰላል፣ ሌላው ደግሞ እንደ ጥሪ። አንድ ዓይነት የቢሮ ረዳትነት ሥራ በሚሠሩ ሰዎች መካከል እንኳ ሦስቱም አመለካከቶች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከጄን ደተን ጋር ባቀረቡት ሌላ ጽሑፍ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን አንስተዋል፤ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ከታማሚዎች ማገገም ጋር አያይዘው ይመለከቱና ከታዘዙት በላይ ለበሽተኞችና ለጠያቂዎች ይጨነቁ ነበር። ይህ ግን ዝቅተኛ ክፍያን በ«ጥሪ» ስም ለማለፍ ምክንያት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ሥራውን የሚወድ ሠራተኛም ቢሆን ደመወዝ፣ ዕረፍትና የሥራ ቦታ ደኅንነት ያስፈልገዋል።

ምኞቱ ከበሩ ሲሰፋ

ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱ ታዋቂ ሙያዎች ሁሉም በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በር ያልፋሉ። ፈተናው በአዲስ ሥርዓት መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ተፈታኞች በ2014 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ፣ በ2017 8.4 ከመቶ ነበሩ። ቁጥሩ እየተሻሻለ መሆኑ ይታያል። ሆኖም ከ100 ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከዚህ መስመር በታች መሆናቸውም በዚያው ይታያል። አንድ ትውልድ በሙሉ ሦስት ሥራ ብቻ ተመኝቶ አድጎ ከሆነ፣ የውጤቱ ቀን ለአብዛኛው ቤተሰብ የሐዘን ቀን ይሆናል፤ ልጁም በ18 ዓመቱ «ያልተሳካለት» የሚል ስም ይለጠፍበታል።

የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ወደ ሥልጠናው የሚገባው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚገባው ተመኝቶት ሳይሆን ሌላው በር ሲዘጋበት ነው፤ አመጣጡም በልቡ ያለውን ግምት ይወስናል። ሥልጠናው ግን በደረጃ ከፋፍሎ የሚያሳድግ፣ ተግባራዊ ልምምድን ከአሠሪ ድርጅት ጋር የሚያገናኝና ወደ ዲግሪ የሚያሸጋግር መንገድ ያለው ነው። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የተሽከርካሪ ጥገና፣ የብረታ ብረት ሥራ ወይም የሆቴል ሙያ ያለው ሰው የራሱን ድርጅት ሊያቋቁም ይችላል፤ የራስ አዛዥ መሆን የሚሻ ወጣት የሚፈልገውን ነገር ከቢሮው ይልቅ እዚያ ቀድሞ ሊያገኘው ይችላል። በዚህ ረገድ ትምህርት ቤቶች ከ7ኛ ወይም ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ባለሙያዎችን ቢጋብዙ፣ ተማሪዎችንም ወደ ወርክሾፕ ቢወስዱ፣ በአንድ ግማሽ ቀን የሚገኘው ጥቅም ቀላል አይሆንም።

የውጭ አገር ሥራ እንደ ሕልም

ለብዙ ወጣቶች ሕልሙ ሙያ መሆኑ ቀርቶ ቦታ ሆኗል፤ ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ግልጽ ነው፦ ለወላጆች ቤት መሥራት፣ ታናናሾችን ማስተማር፣ ተመልሶ ሥራ መጀመር። ሕገ ወጥ ደላላ የሚጠቀመውም ይህንኑ ነው። እርሱ የሚያወራው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለሚሠራው ቤት ነው፤ የሥራው ዓይነት፣ ሰዓቱ፣ የአሠሪው ማንነትና ደመወዙ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይድበሰበሳል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ዐዋጅ ቁጥር 923/2008 ስምሪቱ ከተቀባይ አገር ጋር በተደረገ ስምምነትና ሕጋዊ ፈቃድ ባላቸው አካላት በኩል እንዲፈጸም ይደነግጋል፤ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ሰው አይሰማራም። የፓስፖርት ዕድሜ «ይስተካከላል» የሚል ሰው ካጋጠመ፣ ጉዞው ከመጀመሪያው ሕገ ወጥ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ተጓዡ የሥራ ውሉን በሚገባው ቋንቋ አንብቦ ወይም አስነብቦ ከመፈረም፣ ቅጂውንም ለቤተሰቡ ከመተው ሊዘናጋ አይገባም።

ምርጫን ለማገዝ

ልጁን «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ «ለምን?» የሚለውን አስከትሎ ቢጠይቅ ከፍ ያለ ጥቅም አለው። «ሰው ስለሚያከብረው» ያለ ልጅና «በሽተኛ አያቴን ለማዳን» ያለ ልጅ ሁለቱም «ዶክተር» ብለው ይሆናል፤ የሚያስፈልጋቸው ምክር ግን አንድ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ዕለቱ ነው፦ ያ ባለሙያ ጠዋት ሥራ ሲገባ የሚያደርገው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት በአካባቢው ካለ አንድ ባለሙያ ጋር ለአንድ ቀን መዋል ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

በሥራ ላይ ያሉ፣ በምኞታቸውና በሚሠሩት መካከል ርቀት የተሰማቸው አዋቂዎችም ዕድል አላቸው። ሥራ ፈላጊዎች በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ቀበሌ የሚገኘውን የሥራ ዕድል ፈጠራ አገልግሎት መስጫ ማዕከል ቀርበው በመመዝገብ ስለ ሥልጠናና ስለ ክፍት የሥራ ቦታ መረጃ ማግኘት ይችላሉ። ሙያውን ከአባቱ፣ ከዘመዱ ወይም ከሥራ ቦታ የተማረ፣ የትምህርት ማስረጃ ግን የሌለው ግንበኛ፣ አናጺ፣ ልብስ ሰፊ ወይም ምግብ አዘጋጅ ወደ ሙያ ብቃት ምዘና ማዕከል ሄዶ መመዘን፣ ብቁ ሆኖ ሲገኝም ለዚያው ደረጃ የብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት መውሰድ ይችላል።